የአውሮፓ መኪና ይዞ ወደ ግሸን ለሚሄድ ሰው የተዘጋጀ መመሪያ

መስከረም 21 ቀን በግሸን ደብረ ከርቤ የሚከበረውን በዓል ለመሳለም በራሱ መኪና የሚነሣ ሰው፣ መኪናው ቶዮታ እንደ ሆነ ከስንቁና ከጸሎቱ በቀር ብዙ የሚያሰናዳው ነገር የለም፤ ምክንያቱም ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጎዳና ላይ በየከተማው የሚገኘው መካኒክ የዚያን መኪና ጠባይ ከለማጅነቱ ጊዜ ጀምሮ ያውቀዋል፤ መለዋወጫውም ቢሆን በየሱቁ ተደርድሮ ይገኛል። መኪናው ቮልስዋገን፣ ኦፔል፣ ፔጆ፣ ሬኖ፣ ፊያት፣ መርሴዲስ ወይም ቢኤምደብልዩ የሆነበት ሰው ግን፣ ከመዳፍ የማትበልጥ አንዲት የፕላስቲክ ቱቦ ስለ ተሰነጠቀችበት ብቻ ከሚሴ ላይ ሊያድርና፣ ያች ቱቦ ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ እስክትመጣለት ድረስ በዓሉ ሊያልፍበት ይችላል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእንዲህ ያለው ባለ መኪና ነው።

የአውሮፓ መኪና ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም ፊተኛው እርሱ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ መንገድ በሌለበት በረሃና ዐለት እያስጎተተና እያስገፋ፣ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ያመጣው ዎልስሌይ የአውሮፓ ሥራ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የገቡት የፊያትና የላንቻ የጭነት መኪኖች፣ ከነጻነትም በኋላ በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ታክሲ የነበሩት ሴይቼንቶዎችና እስከ ዛሬ በየሰፈሩ የሚታየው ቮልስ፣ የአገራችንን መካኒኮች ሙያ ያስያዙ መምህራን ናቸው። ዳሩ ግን ያ ትውልድ በካቻቪቴና በቁልፍ፣ በጆሮና በእጅ የሚታረም ነበር፤ የዛሬው የአውሮፓ መኪና ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ፍሬኑን የሚያዝዙ ብዙ ኮምፒውተሮችን ተሸክሞ ስለሚሄድ፣ ጥሩ ጆሮ ያለው መካኒክ ብቻውን የሚፈታው ምሥጢር አይደለም።

ብዙ ሰው የአውሮፓ መኪና ቀበጥ ነው ይላል። እኔ ግን ቀበጥ የሚሆነው ባለቤቱ እንደ ቶዮታ ሊይዘው ሲሞክር ነው እላለሁ፤ ይህ መኪና ከመቆሙ አስቀድሞ ለሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ሲናገር ይቆያልና፣ ከባለቤቱ የሚፈለገው ያን ንግግር መስማት፣ ከመነሣቱ በፊት መልስ መስጠት፣ በመጨረሻም መኪናው የት ላይ መቆም እንደሚገባው ማወቅ ነው። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆኗል።

ከመነሣት አስቀድሞ

ጉዞው በመስከረም ከሆነ ዝግጅቱ ፍልሰታ ሳትገባ ይጀመር፤ ከውጭ የሚታዘዝ ዕቃ የሚደርሰው በሳምንታት እንጂ በቀናት አይደለምና።

መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥርዎን ከሊብሬው ላይ በማስታወሻ ደብተር ይገልብጡ፤ በመኪናው ላይ ከተቀረጸውም ጋር ያስተያዩት። ፊደልና አኀዝ ተቀላቅሎ በጠቅላላው 17 ነው፤ መነሻውም ብዙ ጊዜ መኪናው የተሠራበትን አገር ይናገራል፤ ደብልዩ ጀርመን፣ ዜድ ኢጣሊያ፣ ቪ እና ኤፍ ተከታትለው ሲመጡ ፈረንሳይ፣ ቪ እና ኤስ ተከታትለው ሲመጡ ስፔን ነው፤ ጀርመናዊ ነው ብለው የገዙት ቮልስዋገን በኤ የሚጀምር ቁጥር ይዞ የደቡብ አፍሪካ ልጅ ሆኖ ቢያገኙትም አይደነቁ። የዚህ ቁጥር ጥቅም ግን የትውልድ አገርን ከማወቅ ይልቃል። የአውሮፓ ፋብሪካዎች በአንድ ስምና በአንድ ዓመት የተለያየ ዕቃ የመግጠም ልማድ አላቸው፤ ሁለት ጎልፎች መንትያ መስለው ሳለ የአንደኛው የፊት ፍሬን ዲስክ 280፣ የሁለተኛው 312 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በአዲስ አበባ ወዳለው የመለዋወጫ ገበያ ወደ ሶማሌ ተራ ሄዶ «የጎልፍ ፍሬን ሸራ ስጠኝ» ያለ ሰው የማይገጥም ዕቃ ይዞ ቢመለስ ጥፋቱ የነጋዴው ብቻ አይደለም። ዕቃ ሲገዙ አሮጌውን ፈትተው ይዘው ይሂዱ፤ በላዩ የታተመውን የዕቃ ቁጥር ከአዲሱ ጋር ያስተያዩ፤ ዕቃውን ከውጭ የሚያስመጡ ከሆነም አስቀድመው የሻንሲ ቁጥርዎን ልከው ሻጩ ትክክለኛውን የዕቃ ቁጥር እንዲያወጣልዎ ያድርጉ።

ቀጥሎ መኪናውን ያስነብቡ። ከመሪው ሥር 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት አለ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2001 ጀምሮ በአውሮፓ ገበያ የተሸጡ የቤንዚን መኪኖች፣ ከ2004 ጀምሮም የናፍጣዎቹ፣ ይህ ሶኬት በሕግ ተደንግጎባቸዋል፤ መካኒኩ መሣሪያውን በዚህ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ያከማቸውን የብልሽት ቁጥር ያወጣለታል። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውና ብዙ ጥል የሚነሣው ከዚህ በኋላ ባለው እርምጃ ነው። የመጻሕፍት መምህራን ንባቡን ከትርጓሜው እንደሚለዩ ሁሉ እዚህም ቁጥሩ ንባብ ነው፤ ትርጓሜው ገና ይቀራል። ለምሳሌ ፒ 0171 የሚለው ቁጥር ሞተሩ ከነዳጁ ይልቅ አየር በዝቶበታል ማለት ነው፤ ይህን ያነበበ ችኩል ሰው በማርሚታው ቧንቧ ላይ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር ይለውጣል፤ ሴንሰሩ ግን እውነቱን ስለ መሰከረ የተቀጣ ምስክር ነው፤ ጥፋተኛው ከአየር ማጣሪያው በኋላ የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ፣ ወይም የደከመ የነዳጅ ፖምፓ ሊሆን ይችላል። ፒ 0299 ደግሞ ቱርቦው የሚፈለገውን ግፊት አልሰጠም ይላል፤ ይህን ያነበበ ሰው ውድ የሆነውን ቱርቦ ለመለወጥ ሲዘጋጅ፣ ብዙ ጊዜ በሽታው አየሩን ወደ ሞተሩ በምታደርሰው ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ያለ ቀዳዳ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ መካኒክዎን እንዲህ ብለው ይዘዙት። ቁጥሩን ከማጥፋቱ በፊት በወረቀት ይጻፍ፤ ቁጥሩ በተመዘገበበት ሰዓት ሞተሩ ስንት ዲግሪ፣ ፍጥነቱስ ስንት እንደ ነበር ኮምፒውተሩ አብሮ ያስቀምጣልና ያም ይጻፍ፤ ከዚያ ይጥፋና መኪናው ጥቂት ቀን ይነዳ፤ የተመለሰው ቁጥር እውነተኛ በሽታ ነው፤ ያልተመለሰው ባትሪ በደከመ ጊዜ የተጻፈ አሮጌ ወሬ ሊሆን ይችላል። ዕቃ ልለውጥ ሲልዎትም «ይህ ዕቃ መበላሸቱን በምን ለካኸው?» ብለው ይጠይቁት፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለውን መካኒክ አጥብቀው ይያዙ። በጉዞ ዋዜማ ቁጥሩን አስጠፍቶ፣ መብራቱ ጠፋልኝ ብሎ የሚነሣ ሰው ግን ራሱን ብቻ ያታልላል።

ወደ ፈሳሾቹ እንምጣ። ለሞተር ዘይት በበርሜሉ ላይ የተጻፈው ውፍረት ብቻ አይበቃም፤ የአውሮፓ ፋብሪካዎች የየራሳቸው ፈቃድ አላቸው፤ ቮልስዋገን 502 00 ወይም 504 00፣ መርሴዲስ 229.5 እያለ ይቀጥላል፤ በመኪናዎ መጽሐፍ የተጻፈው ቁጥር በዕቃው ጀርባ መኖሩን ሳያዩ አይግዙ። ቮልስዋገን በመጽሐፉ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ ግማሽ ሊትር ዘይት መጠጣትን እንደ ብልሽት አይቆጥረውም፤ ይህ ማለት ከአዲስ አበባ ግሸን ደርሶ የሚመለስ መኪና አምሮበት ሳለ ግማሽ ሊትር ሊያጎድል ይችላል ማለት ነው፤ ስለዚህ ያው ዓይነት ዘይት አንድ ሊትር በሻንጣው ይኑር፤ በየነዳጅ ማደያውም ዘንጉ ተመዝዞ ይታይ።

የራዲያተሩ ውሃ ፋብሪካው ባዘዘው ማቀዝቀዣ የተደባለቀ ይሁን እንጂ ከቧንቧ የተቀዳ አይሁን፤ በብዙ የአውሮፓ ሞተሮች የቴርሞስታቱ ቤትና የውሃው ፖምፓ አካል ፕላስቲክ ስለ ሆነ፣ ዝገትና ሙቀት እያደረቀው ይሰነጥቀዋል። በውሃው ማጠራቀሚያ ዙሪያና በቱቦዎቹ አንገት ላይ ነጭ ወይም ሮዝ የሆነ የደረቀ እድፍ ካዩ፣ ይህ የነገው ስንጥቅ ፊርማ ነውና ዛሬ ይለወጥ።

የፍሬን ዘይትን ግን ለብቻው ላነሣው እወዳለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ መንገድ ላይ ነፍስ የምትንጠለጠለው በእርሱ ነው። የፍሬን ዘይት በጠባዩ ከአየር ውስጥ እርጥበትን ይስባል፤ ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ለመፍላት ቢያንስ 230 ዲግሪ ሲፈልግ፣ እርጥበት ከጠገበ በኋላ ግን መለኪያው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ያን ጊዜ እግርዎ ፔዳሉን እስከ መሬት ይወስደዋል፣ መኪናው ግን አይቆምም። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ የሚገባው ስለዚህ ነው፤ ሸራው አዲስ ቢሆንም፣ የዓመቱ ቦሎ ቢለጠፍም፣ ዘይቱ ካረጀ ፍሬን አለኝ አይበሉ።

የታይሚንግ ቀበቶ ያለው ሞተር ከሆነ የተለወጠበትን ቀን ይወቁ፤ ላስቲክ ሳይነዳም በዕድሜ ብቻ ይደርቃልና ኪሎ ሜትሩ ገና ነው ብለው አይታለሉ። ቀበቶው ሲበጠስ በአብዛኛዎቹ የአውሮፓ ሞተሮች ፒስተኑ ባልቦላውን ይመታዋል፤ በዚያች ቅጽበት የአንድ ቀበቶ ዋጋ የአንድ ቴስታታ ዋጋ ይሆናል። ሲለወጥም ከመወጠሪያው፣ ቀበቶው የሚያዞረው ከሆነም ከውሃው ፖምፓ ጋር ይሁን። አንዳንድ አዳዲስ ትንንሽ ሞተሮች፣ ለምሳሌ የፔጆና የሲትሮን 1.2 ሊትሩ፣ በዘይት ውስጥ የሚዞር ቀበቶ የነበራቸው ሲሆን፣ ይህ ቀበቶ ተሸራርፎ የዘይቱን መሳቢያ እየደፈነ ብዙ ባለቤቶችን አስለቅሷል፤ እንዲህ ያለ ሞተር ያለው ሰው የዘይት መክደኛውን ከፍቶ በቀበቶው ገጽ ላይ ስንጥቅ ወይም እብጠት መኖሩን ያስመርምር።

በመጨረሻ የሻንጣውን ክፍል ይክፈቱ። ብዙዎቹ አዳዲስ የአውሮፓ መኪኖች ስኮርታ የላቸውም፤ በምትኩ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ የአየር መንፊያ ይሰጣሉ፤ በስለታም ድንጋይ ለተቀደደ ጎማ ይህ ምንም አይሠራምና፣ ሙሉ ስኮርታ ከነቸርኬው ገዝተው ይጫኑ። የአውሮፓ መኪና ቸርኬ በአብዛኛው የሚታሰረው በብሎን ሲሆን፣ ከብሎኖቹ አንዱ ሌባ እንዳይፈታው ልዩ ጥርስ የተሠራለት ነው፤ የዚያ ብሎን መፍቻ ጣት የምታህል ብረት ናት፤ እርሷ ከጠፋች የሐይቅ ከተማ ጎሚስታ ምንም ያህል ጠንካራ ክንድ ቢኖረው አራተኛውን ብሎን ፈትቶ አምስተኛው ላይ ይቆማል። መኪና የሚጎተትበት ቀለበትም እንዲሁ ተነቅሎ በዕቃ መያዣው ይቀመጣል፤ በብዙዎቹ ላይ የሚጠብቀው ወደ ግራ በመዞር ነው። እነዚህ ሁለት ብረቶች መኖራቸውን ሳያዩ ከቤት አይውጡ።

ታርማ በር

ከደብረ ብርሃን አልፈው ጉሙ ሲቀበልዎት፣ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስረው ያበጁትና ርዝመቱ ስድስት መቶ ሜትር የሚጠጋው የታርማ በር ዋሻ ቅርብ ነው። እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብለዋል፤ አየሩ ስለ ሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ካለው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል፤ መኪናዎ ዐቀበቱን ቢያምጥ ታሟል ብለው አይፍረዱ። ቱርቦ ያለው ግን የጎደለውን አየር ለመሙላት ከወትሮው በላይ ይሽከረከራልና፣ ዐቀበቱን ወጥተው ለማረፍ ሲቆሙ ሞተሩን ወዲያው ሳያጠፉ አንድ ሁለት ደቂቃ በእርጋታ ያሠሩት።

ዋሻውን እንደ ወጡ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ከዚህ እስከ ሸዋ ሮቢት 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ መኪናው ከ1,700 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ኀይል ሁሉ ሙቀት ቢሆን ሰባ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያ ሙቀት የሚሄድበት ቦታ ማግኘት አለበት፤ ባለ መኪናው በሞተሩ ካልያዘው በሙሉ በአራቱ የፍሬን ዲስኮች ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ከዋሻው አፍ ሳይርቁ ወደ ሦስተኛ፣ ጠምዛዛው ሲበረታም ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ዘንጉን ወደ እጅ መለወጫው አዙረው እንዲሁ ያድርጉ፤ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ከፍተኛ ማርሽ ስለሚመርጥ ለብቻው አይተዉት። ፍሬን ሲይዙ ጠበቅ አድርገው ፍጥነቱን ይቁረጡና ፈጽመው ይልቀቁ፤ እግርን በፔዳሉ ላይ አሳርፎ መውረድ ከሁሉ የከፋው ልማድ ነው፤ ሸራው የሚተነፍስበትን ፋታ ያሳጣዋልና። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ ማርሽ አውጥቶ መውረድም ከንቱ ነው፤ የዛሬው ሞተር በማርሽ ሆኖ ሲወርድ ነዳጅ ካልረገጡት ለራሱ ነዳጅ አይወስድም፤ ማርሽ ሲወጣ ግን እንዳይጠፋ ይወስዳል።

ፔዳሉ ከለሰለሰ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከመጣ አይደናገጡ፤ ፔዳሉን ደጋግመው ይምቱ፣ አንድ ማርሽ ይውረዱ፣ የእጅ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂት ይሳቡ፤ የእጅ ፍሬኑ በቁልፍ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ከሆነ፣ በብዙዎቹ መኪኖች ቁልፉን ሳይለቁ ቢይዙት ኮምፒውተሩ ራሱ ያቆመዋል። ከቆሙ በኋላ በዲስኩ ላይ ውሃ አይድፉ፤ የጋለ ብረት በውሃ ይጣመማል። ደብረ ሲና ላይ ግማሽ ሰዓት ማረፍ ለሰውም ለፍሬንም ይበቃል።

ከሸዋ ሮቢት እስከ ደሴ

ሮቢት፣ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ እያሉ እስከ ኮምቦልቻ የሚሄዱበት ቆላ ለናፍጣ መኪና መልካም ቦታ ነው፤ በአዲስ አበባ መጨናነቅ የታፈነው የጭስ ማጣሪያ ራሱን የሚያጸዳው እንዲህ ባለ ረጅምና ያልተቋረጠ ጉዞ ስለ ሆነ፣ የማጣሪያው መብራት ከበራብዎት ሞተሩን ሞቅ አድርገው ሳይቆሙ ይንዱ እንጂ በየሻዩ ቤት አይግቡ።

ሙቀቱን ግን ይጠንቀቁ፤ እዚህ ላይ የአውሮፓ መኪና አንድ ምሥጢር አለው። በብዙ የቮልስዋገንና የቢኤምደብልዩ መኪኖች የሙቀት መለኪያው መርፌ የሚያሳየው እውነተኛውን ሙቀት አይደለም፤ ባለቤቱ በየዳገቱ እንዳይጨነቅ ተብሎ ውሃው ከ75 ዲግሪ እስከ 105 ገደማ ቢለዋወጥም መርፌው በ90 ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ ተሠርቷል። ፋብሪካው ይህን ያደረገው ከቅን ልቡና ይመስለኛል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው በሐረጎ ዐቀበት ላይ ላለ መንገደኛ ግን መልካም አላደረገም፤ መርፌው ከ90 ሲነሣ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ፍርድ ነውና። ከሶኬቱ ጋር ተሰክታ እውነተኛውን ዲግሪ በስልክ የምታሳይ ትንሽ መሣሪያ አለች፤ ይህን ዐቀበት ሲወጡ ብትኖርዎት ትጠቅማለች።

መርፌው የተነሣ እንደ ሆነ ኤሲውን ያጥፉ፤ የቤት ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ በሙቀት ላይ ሙቀት መጨመር ቢመስልም ማሞቂያው ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ነው። ካልወረደ ጥግ ይዘው ሞተሩን ያጥፉ፤ ኮፈኑን ይክፈቱ እንጂ የውሃውን መክደኛ አይንኩ። በደሴ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በታፈነው ራዲያተር ውስጥ ከዚያ በላይ ግሎ ሳይፈላ የሚቆየው ግፊቱ ስለ ያዘው ነው፤ መክደኛው በተከፈተች ቅጽበት ውሃው ሁሉ በአንድነት ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ቱቦውን በእጅ መጨበጥ ሲችሉ፣ ሰዓት ቢፈጅም፣ ያን ጊዜ ይክፈቱ። ውሃ ጨምረው እንደገና ቶሎ ከጎደለ፣ ወይም በማርሚታው ነጭ እንፋሎት ከወጣ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተነክቷልና መንዳቱን ትተው ያስጎትቱት። ሲያስጎትቱ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለውን መኪና የመጽሐፉን ገደብ ሳያዩ በገመድ አያስጎትቱ፤ ለብዙዎቹ ገደቡ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነትና 50 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው፤ ለአንዳንዶቹም ጨርሶ ክልክል ስለ ሆነ በጭነት መኪና ላይ ይውጡ።

ደሴ ላይ ነዳጅ ይሙሉ፤ ወደ ፊት ያለው መንገድ ሰላም መሆኑንና ዝናቡ መቆሙን ይጠይቁ።

ከሐይቅ ወዲያ

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበትን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የያዘው ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ አስፋልቱም ከዚያ ወደ ውጫሌ፣ የ1881 ዓ.ም. ውል ወደ ተፈረመበት ወደ አምባሰል ምድር ይቀጥላል። ከኢጣሊያ ጋር በወረቀት የተጣላንበትን ስፍራ በፊያት መጎብኘት ለሚወድ ሰው ይህ መንገድ የተመቸ ነው። ግሸን ግን ከዚህ አስፋልት ላይ አይደለችም፤ ወደ እርሷ የሚወጣው ጥርጊያ ወደ ምዕራብ ተለይቶ በአምባሰል ሸንተረሮች ላይ የሚጠመዘዝ ሲሆን፣ የመጨረሻውን ዐቀበት ብዙው ተሳላሚ በእግሩ ይወጣዋል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ የአውሮፓ የቤት መኪና ሥራው ሐይቅ ከተማ ላይ ያብቃ። የመስከረም በዓል የሚውለው ክረምቱ ገና ሲወጣ ስለ ሆነ ጭቃው አልጠነከረም፤ ከመሬት ያለው ከፍታ 15 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ መኪና በአይሱዙ ጎማ በተቆፈረ ቦይ መካከል ሲሄድ፣ የሞተሩ ዘይት የሚጠራቀምበት የአሉሚኒየም ሳህን በድንጋይ ይሰነጠቃል፤ ዘይቱም በደቂቃዎች ፈስሶ ያልቃል። በዚህ ላይ ሕዝቡ ብዙ፣ መንገዱ አንድ ስለ ሆነ፣ ሰልፉ በክንድ በክንድ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት አለ፤ ሁለት ደረቅ ፍሪሲዮን ያለው የቮልስዋገን ሰባት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ከምንም በላይ የሚጠላው ይህን ዐቀበት ላይ መንፏቀቅ ነው። ስለዚህ መኪናዎን ጥበቃ ባለው ግቢ አቁመው በበዓሉ ሰሞን ወደ ግሸን በሚወጡት አውቶቡሶች ወይም ከፍ ባሉ መኪኖች ይሂዱ። ጥር 21 ቀን የሚከበረው የአስተርዮ ማርያም በዓል በበጋ ስለሚውል መንገዱ ደረቅ ነው፤ ያን ጊዜ ፍርዴን ጥቂት አላላለሁ።

ይህን ሰምተው እንኳ «የለም፣ ስእለቴ በራሴ መኪና ነው» የሚሉ ከሆነ፣ ከሞተሩ ሥር የብረት መከለያ አሳስረው ይሂዱ፤ ጭነቱን ያቅልሉ፤ በሁለቱም በኩል ጎማውን ቦዩ ውስጥ አስገብተው ሳይሆን በአንድ በኩል ጎማ የመካከሉን ጉብታ ረግጠው ይንዱ፤ በሰልፍ ላይ ነዳጅ እየነኩ መኪናውን በዐቀበት አያንጠልጥሉ፤ ፊትዎ አሥር ሜትር እስኪከፈት ፍሬን ይዘው ይቁሙና አንድ ጊዜ በቁርጥ ይንቀሳቀሱ። ካምቢዮው ሞቀ የሚል መብራት ሲበራ ወደ ጥግ ወጥተው በፓርክ ያቁሙት፤ ሞተሩን ሳያጠፉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ድንጋይ ከሥር ሲመታ ከሰሙ እዚያው ይቁሙና ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፤ የሚንጠባጠበው ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ ዘይት ነውና ሞተሩን ያጥፉ፤ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ከሆነ የራዲያተር ነው፤ ንጹሕ ውሃ ከሆነ ከኤሲው ስለ ሆነ መንገድዎን ይቀጥሉ።

ሲመለሱ የታርማ በር ቁልቁለት ዐቀበት ይሆናል፤ የሐረጎም ዐቀበት ቁልቁለት ይሆናል፤ ስለ ፍሬኑና ስለ ውሃው የተባለው ሁሉ ቦታውን ተለዋውጦ እንደገና ይጠብቅዎታል። ቤት በገቡ በሳምንቱ መኪናውን ከሥሩ ያሳጥቡ፣ ጭቃ በዲስኩ ጀርባ ደርቆ ሸራውን ይበላዋልና፤ እንደገናም ያስነብቡት፤ በመንገድ የተጻፈውን ቁጥር ከመነሻው ወረቀት ጋር ያስተያዩ። በመንገድ ላይ የረዳዎ፣ የአውሮፓ መኪና የሚያውቅ መካኒክ በደሴ፣ በሐይቅ ወይም በውጫሌ ካገኙ፣ ፈቃዱን ጠይቀው ስልኩን ይመዝግቡና በሚመጣው መስከረም ለሚነሣው ሌላ ባለ ቮልስ ይስጡት።